ሰባቱ ዊክ እና ድውዩ ዊክ

በተማሪነቴ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህር ሲጠይቅ መልሱን ባውቀውም አንገቴን ደፍቼ ደብተሬ ላይ እጽፈው ነበር። ሌሎቹ ልጆች እንግሊዝኛን በአፋቸው ተማሩት፤ እየጮኹ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተሳሳቁ። እኔ የተማርኩት በዓይኔ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ አስቸጋሪ የነበሩት፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት፣ ለእኔ ከሁሉ ይቀሉኝ ነበር። ሳምንትም «ዊክ» ነው፣ ደካማም «ዊክ» ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። ወረቀት ላይ ግን አንዱ ሁለት «ኢ» ጎን ለጎን ያሰልፋል፣ ሌላው ከ«ኢ» ቀጥሎ «ኤ» ያስከትላል። ድምፃቸውን ብዙም አውጥቼ ስለማላውቅ መልካቸው አይምታታብኝም ነበር።

ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ስምንተኛን ስጨርስ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፈተናውን አለፍኩ። ዘጠነኛ ግን ያለው ወገዳ ነው፤ ከእኛ መንደር የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። እዚያ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤት እየተላከለት የሚማር ወንድም ስለነበረኝ ለሁለት ሰው አይቻልም ተባለ። በጥር ዳሩኝ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ከሠርጋችን በኋላ ጥቂት ወራት አብረን ቆይተን ለግንባታ ሥራ ባሕር ዳር ሄደ። እኔ እዚሁ ስማዳ ከአባቱ፣ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ቀረሁ።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ በባሏ አባት ፊት ድምፅዋን አታሰማም። ከፊታቸው አትቀመጥም፣ ሲበሉ አታያቸውም፣ የምትለው ነገር ካለ ለአማቷ ወይም ለልጃቸው በሹክሹክታ ትነግርና እነሱ ያደርሱላታል። ሌላዋ ሙሽራ ከዓመት በኋላ ትላቀቃለች። እኔ ተፈጥሮዬም ስለሆነ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝም እንደ መጀመሪያው ሳምንት ነበርኩ። መንደሩ «ጨዋ ሙሽራ» አለኝ። ስሙ ሲወጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን እንደ በር መወርወሪያ ሆነብኝ፤ ጨዋ ከተባልኩ ወዲህ ጮክ ብዬ መሳቅ እንኳ አልቻልኩም።

የባሌን አባት አባባ፣ እናቱን እማማ እላቸዋለሁ። አባባ መሪጌታ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያርሳሉ፣ ከእርሻ ሲመለሱ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠው ለቀንበር የሚሆን ጠፍር ያለፋሉ። እጃቸው ሥራ ይፈታል ብዬ አላስታውስም። ጆሯቸውም እንዲሁ።

በዚያ ዓመት የባሌ እህት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት የእንግሊዝኛ መምህሩ ሳይመለስ ቀረ። ፈተናው ግን አይቀርም። አባባ ጠፍራቸውን እያለፉ ለእማማ፣

«ሙሽራዋ ስምንተኛን አልፋ የለም እንዴ? እሷ ታሳያት» አሉ።

እኔ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። እማማ ዘወር ብለው «ሰማሽ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

እንዲህ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃን ሳለ፣ በሩ አጠገብ ቁርበት አንጥፈን እንቀመጣለን። የሠርግ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬው የነበረውን የስምንተኛ ክፍል ደብተሬን አወጣሁ። ልጅቷ የእኔ ተቃራኒ ነበረች፤ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች፣ የሰማችውን ሁሉ ትይዛለች። የሚጻፍ ነገር ግን ያንገሸግሻታል። አባባ መደቡ ላይ ስለነበሩ እኔ በሹክሹክታ አስተምራለሁ።

«እቴ፣ አልሰማሁሽም» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «የተቀመጥነው ለንስሐ ነው ለእንግሊዝኛ?»

«ሰን» አልኩ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ። «ልጅ ማለት ነው። ሰን፣ ፀሐይ ማለትም ነው።»

«አንዱን ያዢ። ልጅ ነው ፀሐይ?»

«ሁለቱም ነው። የሚለየው አጻጻፉ ነው።»

«ፊደል አልቆባቸው ነው? ለአንድ ድምፅ ሁለት ሥራ የሚሰጡት?»

ጠፍሩ የሚያሰማው ፍትግ ፍትግ ቆመ። አባባ ከመደቡ ሆነው፣

«አንቺ የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ ነው ይህ የሚገርምሽ?» አሉ። ወርደው መጡና በከዘራቸው ጫፍ አፈሩ ወለል ላይ ሁለት ፊደል ጻፉ። «ይቺ ንጉሡ ሠ፣ ይቺ እሳቱ ሰ። በጆሮሽ ትለያቸዋለሽ?»

«አልለይም።»

«ሠረቀ ፀሐይ ስትዪ በንጉሡ ነው፤ ፀሐይ ወጣ። ሌባው ሰረቀ ስትዪ በእሳቱ ነው። ብትለዋውጫቸው ፀሐይን ሌባ አደረግሻት።» ከዚያ ዞር ሳይሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ሙሽራዬ፣ ያንቺ ሁለቱ ሰኖች ስማቸው ማን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ለልጅቷ ጆሮ አንሾካሾክሁ።

«ስም የላቸውም ትላለች» አለች።

«ስም ሳይወጣላቸው በምን ይታወቃሉ? ስም አውጡላቸው።»

በዚህ መልክ ለእንግሊዝኛ ቃላት የክርስትና ስም ማውጣት ጀመርን። ልጁ ሰን እና ፀሐዩ ሰን። ዓይኑ ሲ እና ባሕሩ ሲ። ጆሮው ሂር እና ስፍራው ሂር። ለሳምንት ሰባቱ ዊክ፣ ለደካማ ድውዩ ዊክ። እኔ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ልጅቷ እንደ ውዳሴ ማርያም እያዜመች ስማቸውንና ፊደላቸውን ትወርዳለች፣ አባባ ስትሳሳት ጠፍሩን መደቡ ላይ ጧ ያደርጉታል። እንግሊዝኛ አንድም አያውቁም። ግን ዜማዋ ሲሰበር ያውቃሉ።

ዐቢይ ጾም ውስጥ ነበርን። አንድ ቀን ልጅቷ «ሥጋው ሚት፣ ቀጠሮው ሚት» እያለች ስታዜም እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው፣

«ቀጠሮውን አጥኚ፤ ሥጋውን ለፋሲካ አቆዪው» አሏት። አባባ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በነጠላዬ ውስጥ።

ሌላ ቀን ደግሞ «ኖ» ላይ ደረስን። አንዱ እምቢ ማለት ነው፣ ሌላው ማወቅ። የሚያውቀው «ኖ» ከፊቱ «ኬ» የምትባል ፊደል አለችው፤ ትጻፋለች፣ አትነበብም።

«ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጠች?» አለች ልጅቷ።

«እንጃ። ከሌለች ግን ትርጉሙ ይበላሻል።»

«ገባኝ። ሙሽራ ናት» አለች። «በቤቱ አለች፣ ድምፅ የላትም።»

ለፌዝ ነው ያለችው። እኔም እንደ ፌዝ ወሰድኩት። ውስጤን ግን ነካኝ፤ ያን ዕለት ውኃ ስቀዳ ስለዚያች ፊደል ሳስብ እንስራው ሞልቶ ፈሰሰ።

ተስፋዬ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። አባባና እማማ ስለ ልጅቷ ሲነጋገሩ ጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው። ከወደቀች በጥር ትዳራለች፤ ጠያቂ ቤተሰብ አለ። ካለፈች ወገዳ ትሄዳለች።

«ሴት ልጅ ብቻዋን የኪራይ ቤት ውስጥ አትተኛም» አሉ አባባ። «አብሯት የሚሆን ሰው ያስፈልጋል።»

«ከሙሽራዋ ሌላ ማን አለ?» አሉ እማማ። «ባሏም የለ፣ ልጅም የላት።»

አባባ «እንግዲህ ይታያል» አሉ። በእሳቸው አፍ «ይታያል» ማለት «እሺ» ከማለት አይርቅም።

 አብሬያት ከሄድኩ ቀን ቀን እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ እኔን ማን ይከለክለኛል? የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥኔ ውስጥ አለ። እመዘገባለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለልጅቷ ብቻ ነው።

«ሁለታችንም ዘጠነኛ?» አለች ዓይኗ በርቶ። «እንግዲያው አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንቺ መልሱን ትነግሪኛለሽ፣ እኔ እጅ አወጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ የማስተምረው እሷን ብቻ አልነበረም። በእሷ ውጤት እኔም የምፈታ ስለመሰለኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያልገባት ነገር ሲኖር እቆጣት ጀመር፤ እኔ፣ ሰው ተቆጥቼ የማላውቀው። እህል ስንለቅም፣ እንጨት ስንሰብር፣ ባቄላ ስንከካ ቃላት እጠይቃታለሁ። «ዱቄቱ ፍላወር?» እላታለሁ። ፊደሎቹን ትቆጥርልኛለች። «አበባው ፍላወር?» ትቆጥራለች። ሰኔ ሲደርስ እኔ ያወቅሁትን ሁሉ አወቀች። ፈተናውን ተፈትና ስትመለስ ደጃፉ ላይ ሳለች፣

«ድውዩ ዊክ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሰላም ብዬው አለፍኩ።»

ውጤቱ በነሐሴ መጣ። አለፈች፤ ከሁሉም ትምህርት የበለጠችው በእንግሊዝኛ ነው። እማማ እልል አሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩና ላስቲኩ ውስጥ ያለውን ወረቀት አየሁት። አይጥ አልነካውም።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን የአባባ ማኅበር በእኛ ቤት ወጣ። ማኅበርተኞቹ ቤቱን ሞሉት። ጠላ ስቀዳ፣ ወጥ ስጨምር ከወዲያ ወዲህ እል ነበር። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ አባባ፣

«ሙሽራዬን ጥሩልኝ» አሉ።

ከጓዳ ወጣሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በመካከላቸው ቆምኩ። ሃያ የሚሆን ሰው ያየኛል። 

«ይህች ልጅ» አሉ አባባ፣ «መምህር በጠፋበት ዓመት ለቤቴ መምህር ሆነች። ድምፅዋን ሳልሰማ ሥራዋን አየሁ። ጎንበስ በይ ልጄ፣ ልመርቅሽ።»

ጎንበስ አልኩ።

«ቤቴን እንዳሞቅሽ ኑሮሽን ያሙቀው።»

«አሜን» አልን፣ እኔም ማኅበርተኛውም።

«የማሕፀንሽን ፍሬ ይባርክ።»

«አሜን።»

«የእኔን ልጅ እንዳስተማርሽ የአገሩን ልጅ አስተምሪ።»

«አሜን።»

«ከዚህ ደጅ አያርቅሽ። እግርሽን እዚሁ ይትከለው።»

«አሜን» አልኩ።

ምርቃት ሲወርድ ሰው ቃሉን አይሰማም፤ ዜማውን ነው የሚከተለው። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስድ አሜን ይላል። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሰማሁት ካፌ ከወጣው አሜን በኋላ ነው። ቀና ስል አባባ ወደ ማኅበርተኞቹ ዞረው ነገሩን ሲደመድሙ ደረስኩ።

«ከልጄ ጋር ወገዳ የሚስቴ እህት ትሄዳለች፤ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ናት። ይህቺን ግን አልለቅም። መጪው ዓመት ስምንተኛ የሚፈተን ልጅ ያላችሁ ወደኔ ቤት ላኩ። መምህሩ ቢመጣም ባይመጣም እሷ አለች።»

«እግዜር ይስጥልን» አሉ። አንዱ ሽማግሌ «ታድለሻል የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ምርቃት ለወንድ ልጅ እንኳ አይወርድም» አለኝ። እጅ ነሥቼ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

ልጅቷ ከምድጃው ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ምን ሆነሽ ነው አሜን ያልሽው?» አለችኝ። «ዓይኔን አፍጥጬብሽ ነበርኮ። አላየሽኝም?»

«ጎንበስ ብዬ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ ነው የጠቀስኩሽ።»

«ጎንበስ ብዬ ነበር» አልኩ እንደገና። 

በማግስቱ እማማን ብቻቸውን ሳገኛቸው ሞከርኩ። ጌሾ እየወቀጡ ነበር።

«እማማ፣ እኔም ከእሷ ጋር ብሄድ ብዬ አስቤ ነበር» አልኩ።

ዘነዘናውን አቆሙ። «ትናንት ምን ተባለ?»

«ሰምቻለሁ።»

«አሜን አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?» አሉና መውቀጣቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ላንቺ ብዬ ጠይቄ ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ከምርቃት ጋር እንዴት ልከራከር? ምርቃት እምቢ ያለ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ።»

እሑድ ባሌ ደወለ። ስልኩ የሚይዘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነውና ወጥቼ አናገርኩት። ወገዳ ሄጄ ልማር እንደነበር ሁሉንም ነገርኩት።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ አባባን እለምናቸው ነበር» አለ። «ከመረቁሽ በኋላ ምን አፍ አለኝ? መንደሩ ምን ይላል? ልጃቸው ምርቃታቸውን አፈረሰ አይባልም?»

«አይባልም አልልህም።»

«በረከት ነው ያገኘሽው። እንደ እስር አትይው።»

እስር የሚል ቃል አልተናገርኩም ነበር። እሱ ነው ያመጣው።

የወገዳ ምዝገባ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ወደ አባባ ራሴ ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ የዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠፍር ያለፋሉ። ከፊታቸው ቆምኩ። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሣሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቤት ኖረን ፊት ለፊት የተናገርኳቸው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«አባባ፣ እኔም ዘጠነኛ መግባት እፈልጋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስምንተኛን ካለፍኩ ጀምሮ።»

«ይህን ያህል ጊዜ አፍ አልነበረሽም?»

 ጥያቄው ለራሳቸው የተመለሰባቸው መሰለኝ፤ ጠፍሩን እየዳሰሱ ቆዩ።

«ቀድመሽ ነግረሽኝ ቢሆን ሌላ እመርቅሽ ነበር» አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን አሜን ተብሎበታል። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ማኅበርተኛው በሙሉ ብሏል። ተነሥቼ ምርቃቴን መለስኩ ብል፣ የተመለሰ ምርቃት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። እርግማን ነው።

«እኔ አሜን ስል አልገባኝም ነበር፣ አባባ።»

«አሜን ለማለት መግባት አያስፈልግም ልጄ። ጎንበስ ማለት ነው የሚያስፈልገው። አንቺም ጎንበስ ብለሻል።»

በቁጣ አላሉትም። እንዲያውም እንደዚያን ቀን በለሰለሰ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆጣን ሰው ጊዜ ሰጥተው ይለምኑታል። የወደደን ሰው በምን ይለምኑታል? ጠፍራቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ነጠላዬን ወደ ቦታው መለስኩና ወደ ቤት ገባሁ።

ልጅቷ የሄደችው ረቡዕ ነው። በሶውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን እኔ ነኝ ያሰናዳሁት። አህያዋ ላይ ጫንን። አክስቷ ከፊት ሄዱ። እስከ ወንዙ ሸኘኋት። እንደ ልማዷ አላወራችም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ደብተሬን ከጉያዋ አውጥታ ልትመልስልኝ ዘረጋችው።

«ያዢው፣ ዘጠነኛም ያስፈልግሻል» አልኳት።

«አንቺስ በምን ታስተምሪያለሽ?»

«በቃሌ ይዤዋለሁ።»

አቅፋኝ አለቀሰችና ተሻገረች። እኔ አላለቀስኩም። ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት እስኪጨርሱ ቆሜ አየሁና ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እንስራው ባዶ ነበር።

የወገዳ ምዝገባ ያበቃው አርብ ዕለት ነው። በዚያው አርብ ከሰዓት በኋላ የማኅበርተኞቹ ልጆች መጡ። ስድስት ናቸው፤ አራት ሴት፣ ሁለት ወንድ። አባባ ራሳቸው ቁርበቱን አነጠፉላቸው። ከዚያ ልጆቹ እንዳይሳቀቁ ብለው ወደ ደጅ ወጡ። እኔ ባዶ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ስድስቱም አፌን ያያሉ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነች፣ ከሁሉ ፊት ተቀምጣለች። ገና ምንም ሳልጀምር፣

«እትዬ፣ አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለችኝ።

«ስምንተኛ» አልኳት።

«እንደኛ?»

«እንደናንተ።»

ደስ አላት። ወደ ጓደኛዋ ዞራ «እንደኛ ናት» አለቻት፣ ለእኔ ቦታ እንደምትለቅ ሁሉ ትንሽ ፈቀቅ ብላ።